ስንጥር ፍለጋ ወደ ከምባታ

ሰኞ

ባለቤቴ ስለ እኔ የምትለው ነገር አለ፦ «ጎረቤት እንደምን አደርክ ቢለው፣ ምን ፈልጎ ነው ይላል።» ሐሰት አይደለም። አባቴ ካወረሰኝ ነገር ሁሉ ሳልሸጥ ሳልለውጥ ያቆየሁት አንድ ተረት ብቻ ነው፦ «ጠርጥር፤ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።» ሌላው ሰው ከአባባሎች ሁሉ አብልጦ የሚወደው ስለ ትዕግሥት ወይም ስለ ፍቅር የተባለውን ይሆናል። እኔ የምወደው ይቺን ነው። ለጽሕፈት ሥራዬም የረዳችኝ እሷ ናት። ደራሲ ማለት ቃልን የሚጠረጥር ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አምሮ ተውቦ የመጣለትን ዐረፍተ ነገር ደጅ ላይ አቁሞ «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» ብሎ መታወቂያ የሚጠይቅ።

በዚያን ጊዜ ደግሞ መጠርጠር የእኔ ብቻ አመል አልነበረም፤ አገር ሁሉ ይዞት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ጊዜ ነው። እሠራበት የነበረው የኅትመት ክፍል ማንበብ ለጀመሩ ጎልማሶች የሚሆን የአባባሎች መጽሐፍ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። የምጽፈውን ሁሉ አንብቦ «ይህ ቃል ይለወጥ» ይላል፤ እለውጣለሁ። «ይህ ይውጣ» ይላል፤ አወጣለሁ። መጽሐፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ አዲሶቹ አንባቢዎች ምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንደሚቀናቸው አይቼ እንድመለስ ወደ ከምባታና ሀዲያ አውራጃ ላከኝ። ለምን እኔን? ለምንስ ወደዚያ? ደጋግሜ ባስበውም መልስ አጣሁለት። ሻንጣዬን ሸክፌ ተነሳሁ።

አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ሲጭን ዓይኔን አልነቀልኩበትም፤ የሰጋሁት ሌባን ነበር። ከአጠገቡ የተጫነውን የነጭ ጋዝ በርሜል ግን ልብ አላልኩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጠረጠረም ሰው ቢሆን የሚመነጠረው ባልጠረጠረበት በኩል ነው።

ከጎኔ የተቀመጠው ኑሪ የሚባል ጉራጌ ነጋዴ ነበር። ዓለም ገናን አልፈን አቧራው ሲቀበለን ጥያቄውን ጀመረ።

«ጋሼ ወዴት ነው?»

«ሆሳዕና።»

«ዘመድ አለዎት?»

«አለኝ» አልኩት። የለኝም።

«የማን ቤት ይሆን? ሆሳዕና ሱቅ አለኝ፤ የማላውቀው ሰው የለም።»

«በቅርቡ የገባ ነው።»

«ሥራዎስ ምንድን ነው?»

«አናጢ ነኝ» አልኩ። ከሥራ ሁሉ ለምን አናጢነትን እንደመረጥኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ኑሪ እጆቼን አየት አደረገና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። አንድ ምስማር እንኳን መትቶ የማያውቅ እጅ መሆኑን ማንም ያውቃል።

ቡታጅራ ከመድረሳችን በፊት ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ የይለፍ ደብዳቤዬን ተቀብሎ፣ ለራሱ ማንበብ ሲችል፣ ለተሰለፈው መንገደኛ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ደራሲና አዘጋጅ መሆኔን፣ ከአዲስ አበባ ለሥራ የተላክሁ መሆኔን፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ትብብር እንዲያደርጉልኝ። ኑሪ ከኋላዬ ቆሞ ሰማ። ከዚያ በኋላ እስከ ሆሳዕና ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ቡታጅራ ላይ ምሳ ስንበላም ሌላ ጠረጴዛ መረጠ። አናጢ ነኝ ብሎ የሚዋሽ ደራሲ ምን ዓይነት ሰው ነው ቢል አልፈርድበትም፤ እኔም እሱን ብሆን ከዚያ የባሰ ነበር የማስበው።

ሆሳዕና የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ሻንጣዬ ከጣሪያ ሲወርድ ሽታው ቀድሞት ወረደ። ጋዙ ሙሉ መንገድ ሲንጠባጠብበት ኖሮ ሸሚዞቼም ወረቀቶቼም ርሰዋል። ጋሪ ይዤ ሆቴል ለሆቴል ብዞር በአውራጃው ስብሰባ ምክንያት አልጋ የለም። የመጨረሻው ሆቴል ባለቤት ሻንጣዬን አሽትታ «ቢኖርም አልሰጥም» አለችኝ። «ቤት ልታቃጥል ነው የመጣኸው?» የምትለኝ ትመስላለች። መንገድ ላይ ቆሜ ሳለ ኑሪ ከየት እንደመጣ ሳላየው አጠገቤ ደረሰ።

«ዘመድዎን አላገኙትም?» አለኝ።

«አላገኘሁትም።»

«እንግዲያው እኔ ቤት ይደሩ።»

ለምን ብዬ ጠየቅኩት። እሱም ሳይደነግጥ ረጋ ብሎ፣ «ሜዳ ላይ ያደረ እንግዳ ነገ ስለ ከተማችን ምን ብሎ እንደሚጽፍ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ባለቤቱ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልኝ። ጉለሌ ሰፈሬ ውስጥ ስንት ዓመት የኖርኩባቸው ጎረቤቶቼ፣ በዚያ ዘመን ጋዝ ጋዝ የሚል እንግዳ ደጃቸው ቢቆም፣ መዝጊያቸውን ነበር የሚዘጉት። ኑሪ ከሱቁ ጓዳ፣ ከሳሙና ካርቶኖችና ከጨው ጆንያዎች መካከል፣ ፍራሽ አነጠፈልኝና በሩን በውጭ በኩል ቆለፈው። የሚጠብቀው እኔን ይሁን ሳሙናውን አላወቅኩም። ሁለታችንም እንደተጠራጠርን በሰላም አደርን።

ማክሰኞ

ሆሳዕና ቀዝቃዛ ናት። ባሕር ዛፉም የማለዳ ጭሱም ጉለሌን አስታወሰኝ፤ ገበያዋ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ ገበያ ሲባል ጩኸት ነው። እዚህ ሻጭና ገዢ ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው ነው የሚነጋገሩት። ግማሹ ሀዲይኛ፣ ግማሹ ከምባትኛ፣ እኔ ስጠጋ ደግሞ ሁሉም አማርኛ ይሆናል። ይህን ያደረጉት ለእኔ ብለው ነው ወይስ እኔን ፈርተው? ለደቂቃ ያህል አንድ የቅቤ ነጋዴ ሴት አጠገብ ቆሜ ለመስማት ሞከርኩ። ቅቤውን ሸፈነችብኝ። ሽታዬን ሰግታ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የተቀበለኝ የመሠረተ ትምህርት ተቆጣጣሪው ጓድ ተካ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጽፍበት ብዙ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ነገ አንጋጫ አካባቢ ያለ አንድ ቀበሌ እንወርዳለን» አለኝ። «ያልተፈተነ፣ ያላለፈ ሰው የለም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት የቀረችን። እሷ ካለፈች ቀበሌው ከማይምነት ነፃ ወጣ ይባላል።»

«ለምን ወደቀች?»

«ሁለት ጊዜ ነው የወደቀችው። ግትር ናት።»

ይህ መልስ አልተዋጠልኝም። ሰው ማንበብ ያቅተዋል፤ ይረሳል፤ ዓይኑ ይደክማል። በግትርነት ከንባብ ፈተና የወደቀ ግን ሰምቼ አላውቅም። ጓድ ተካ ወደ ሌላው ነገር አለፈ። የሴቶች ማኅበሩ የእህል ወፍጮ ተሰጥቶታል። ሴቶቹ ተሰብስበው ቁልፉን እሷ ትያዝልን ብለው መርጠዋታል፤ ስሟ አየለች ነው። የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ግን የሕዝብ ንብረት አይረከብም። ሐሙስ ለሦስተኛ ጊዜ ትፈተናለች። ከወደቀች ቁልፉ ለቀበሌው ሊቀመንበር የወንድም ልጅ ይሰጣል።

«ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ?» አልኩት።

«አዎ። እንዲያውም የወንድሙ ልጅ ሚዛኑን እንደሚያዛባባቸው ከአሁኑ ያወራሉ። ሕግ ግን ሕግ ነው።» ከዚያ ፊቱ በራ። «ጓድ ደራሲ፣ እርስዎ መምጣትዎ ጥሩ ሆነ። የፈተናውን ዐረፍተ ነገር እርስዎ ይስጡን። ከአፍዎ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ እስኪጻፍ ማንም እንዳያውቀው። መምህሩም ቢሆን።»

ደስ አለኝ። እኔም እኮ የፈራሁት ይህንኑ ነበር፦ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ሁሉም ሰው ገጹን በቃል ሸምድዶ ይጠብቀኛል ብዬ። የማስነብባቸውን እዚያው ወንበር ላይ እንዳለሁ መረጥኩት። እንደገመታችሁት የአባቴን ገንፎ ነው።

ረቡዕ

በላንድሮቨር ወደ አንጋጫ ሄድን። መንገዱ ይወጣል ይወርዳል፤ ሀምበሪቾ ተራራ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይታያል፤ እንሰቱ ከቤቱ ከፍ ብሎ ቤቱን ይደብቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አጥር ሲታጠር ቆርቆሮና ጠርሙስ ስባሪ ነው። እዚህ እንሰት ነው። አጥርም ጥላም ምግብም እሱ ነው። ከአንዱ ቤት ሌላው አይታይም፤ ግን መኪናችን ሲያልፍ ከየእንሰቱ ሥር ሰው ብቅ ይላል። ማን እንደመጣ ከእኛ በፊት ወሬው ይደርሳል ማለት ነው።

ያሳደረኝ የመሠረተ ትምህርቱ መምህር ጴጥሮስ ነው። ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሰው ሲያነጋግር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ጓድ ተካ መንገድ ላይ «ጴንጤ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ታስሮም ነበር። አሁን ግን ተምሯል» ብሎኝ ነበር። ታስሮ የተፈታ ሰው መሬት ቢያይ ምን ይገርማል? እኔ ግን ገረመኝ፤ የሚደብቀው ነገር አለ አልኩ።

ባለቤቱ ታደለች ሳልጠይቃት ሻንጣዬን ከፍታ ሸሚዞቼን አውጥታ ማጠብ ጀመረች። ሰው እንዲህ ያለ ቸርነት ሲደርስበት ያመሰግናል። እኔ ኪሴን ልትፈትሽ ነው ብዬ እየተመላለስኩ አያት ነበር። ሴትዮዋ የጋዙን ሽታ ለማስለቀቅ ሦስቴ አጠበቻቸው፤ እጇ ቀይ ሆነ። ኪሴ ውስጥ ያገኘችው አንድ አዝራር ብቻ ነው፤ እሱንም መልሳ ሰፋችው።

እራት የቡላ ገንፎ ቀረበ፤ ቅቤው መሐሉ ላይ እንደ ኩሬ ተኝቷል። ከመብላታችን በፊት ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። ድምፅ የለውም። ከዚያ ጴጥሮስ ቀና ብሎ እኔን አየና ቶሎ ብሎ ማንኪያ አቀበለኝ። ጸሎት መሆኑን አውቄያለሁ፤ ማወቄንም አውቋል። ሁለታችንም ስለ ገንፎው ጣዕም አወራን።

በልተን ስናበቃ ጴጥሮስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ የሚያስነብቡን ዐረፍተ ነገር... እርስዎ ነዎት የሚመርጡት አሉ።»

«አዎ።»

«ምን ይሆን?»

«ነገ ያዩታል።»

«አይ፣ ልተረጉመው ስለሆነ ነው። ከአማርኛ ወደ ከምባትኛ ሲሆን እንዳልሳሳት፣ ቀደም ብዬ ባየው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ አባቴ በጆሮዬ የተናገረ መሰለኝ። አሃ፣ አልኩ በሆዴ፤ ማታውን ሊያስጠናቸው ነው። «እዚያው ብንተረጉመው ይሻላል» አልኩት። ጴጥሮስ ታደለችን አያት፤ ታደለች ወለሉን አየች። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ዘጋውና «እሺ» አለ። የያዝኩት ሌባ እንጂ ጨዋ ሰው አልመሰለኝም። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ

ትምህርት የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሴቶቹ እንሰት ፍቀው፣ ውሃ ቀድተው ሲጨርሱ። አዳራሹ ሰፊ የጭቃ ቤት ነው። ከሰሌዳው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ቦታ በጭስ ሲጠቁር ሳይጠቁር የቀረ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ንጹሕ ቦታ አለ። ቀድሞ ምን ቤት እንደነበር አልጠየቅኩም። ማንም አልነገረኝም።

ሰው ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀምጧል፤ የወንድሙ ልጅ መቃኑን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ የወፍጮ ቤቱ ቁልፍ ጓድ ተካ ጠረጴዛ ላይ ነው። አየለች ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናት። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ወፍራም ጣት ያላት፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ የተከናነበች ሴት ናት። የመረጧት ሴቶች ግራና ቀኝ ከበዋታል።

ዐረፍተ ነገሬን ተናገርኩ፦ «ጠርጥር፤ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።»

ጓድ ተካ ከወንበሩ ተነሳ። «ይህ እኮ አብዮታዊ ንቃት ማለት ነው» አለ። አባቴ ሲተርተው አብዮት አልነበረም። ጴጥሮስ ጠመኔ አንስቶ በከምባትኛ መጻፍ ጀመረ። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ እጁ ቆመ። ወደ እኔ ዞር አለ፤ ወደ ጓድ ተካ አየ፤ ከዚያ ጻፈው። ስንጥር ለሚለው «የእንጨት ስባሪ» የሚል አገባበት።

በዚያን ጊዜ በዘመቻው ሁሉም ቋንቋ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል ከምባትኛ የማላውቅ ሰው ፊደሉን እየተከተልኩ ማንበብ እችላለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ሰሌዳው ላይ ያለው ከሰውየው አፍ መውጣት አለመውጣቱን አውቃለሁ። ለጠርጣራ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው አነበቡ፤ ልክ ነው። አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ አነበበች፤ ልክ ነው። ማንም አልሸመደደም። ትንሽ እንኳን ቅር አለኝ።

አየለች ተነሳች። መጠቆሚያውን ዱላ ይዛ ዐረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር በዝምታ አየችው። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። እየተከተልኳት እንጨት ከሚለው ቃል ላይ ስትደርስ፣ ዱላዋ እሱ ላይ እንዳለ፣ ከአፏ የወጣው ሌላ ቃል ነው። ሰሌዳው ላይ በ«ሀ» ይጀምራል፤ እሷ ያለችው በ«ሀ» አይጀምርም። ቀጥላ ጨረሰችው።

«ወደቀች» አለ ጓድ ተካ።

የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ ከበሩ ተላቅቆ ወደ ፊት መጣ። እኔ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጴጥሮስን ጠጋ ብዬ፣ «ያለችው ቃል ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«እንጨት ማለት ነው» አለኝ።

«የተጻፈውስ?»

«እሱም እንጨት ነው።»

«ታዲያ?»

ጴጥሮስ መሬት አየ። መልሱ የመጣው ከአየለች ጎን ከተቀመጡት ሴቶች ነው። አንዷ በአማርኛ፣ «የባልዋ አባት ስም ሀንዲሶ ነው። እንዴት ትጥራው?» አለች። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ነው ነገሩ፦ በከምባታና በሀዲያ ያገባች ሴት የባልዋን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል አትናገርም። በቦታው ሴቶች ከእናት ከአክስት የተማሩት ሌላ ቃል አላቸው። ይህን የሴቶች አነጋገር ባሊሻ ይሉታል። አየለች ከተዳረች ጀምሮ እንጨትን ወንዶቹ በሚጠሩበት ቃል ጠርታው አታውቅም።

«አውቃለሁ» አለ ጓድ ተካ። «ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው በዚህ ነው። ይህ ግን ሴትን የሚጨቁን ኋላ ቀር ልማድ ነው። የአማቷን ስም የምትፈራ ሴት ነፃ አልወጣችም። ዛሬ እዚህ ሕዝብ ፊት ትጠራዋለች፤ ነፃ ትወጣለች። አለበለዚያ ቁልፉን ሌላ ሰው ይወስዳል።»

ጴጥሮስ በከምባትኛ ተረጎመላት። ለነገሩ የገባት ቀድሞ ነው። አየለች ዱላዋን ይዛ ቆመች። አልተናገረችም፤ አልተቀመጠችም። ሊቀመንበሩ የዚያው አገር ሰው ነው፤ የገዛ ሚስቱም የእሱን አባት ስም አትጠራም። ግን ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

እኔ ተናደድኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በጴጥሮስ ነው፤ ማታ ለምን አልነገረኝም ብዬ። ከዚያ ለምን እንዳልነገረኝ ገባኝና ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ከዚያ ደግሞ ሴትዮዋ ያደረገችውን አሰብኩ። ይህን ዐረፍተ ነገር ማንም አላየውም። በአንድ እይታ አንብባዋለች፤ ገብቷታል፤ እዚያው ቆማ ሌላ ቃል ፈልጋ አግኝታለታለች። እኔ ጠዋት ገብቼ ማታ የምወጣው ይህንኑ ለመሥራት ነው፤ ደመወዝም ይከፈለኛል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲህ አድርጎ ሊሳሳት አይችልም።

ተነሳሁ።

«ጓድ ተካ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«እንግዲያው ግለ ሂስ አለኝ።»

ግለ ሂስ ሲባል ምን እንደሆነ ያን ጊዜ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በየስብሰባው ሰው ቆሞ ጥፋቱን የሚናገርበት ነው። የተጀመረ ግለ ሂስ ደግሞ ማንም አያቋርጥም።

«ይህን ቃል የመረጥኩት ሰፊውን ሕዝብ ሳላጠና ነው» አልኩ። «አንባቢዬ ማን እንደሆነች ሳልጠይቅ፣ ከአዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ስሕተት የለም። ቃሉ ይታረም።»

«ማን ያርመው?» አለ ጓድ ተካ። ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል።

«እሷ ታርመው።»

ሰሌዳው ጋ ሄጄ እንጨቱን በእጅጌዬ አጠፋሁትና ጠመኔውን ለአየለች ሰጠኋት። ታደለች ሦስቴ ያጠበችው ሸሚዝ ነበር። አየለች እጄን፣ ከዚያ ፊቴን አየች። ልታምነኝ እንዳልቻለች ያስታውቃል፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ በባዶው ቦታ ላይ የእሷን ቃል ጻፈችው። ፊደሎቿ ትልልቅና ዘመም ያሉ ናቸው፤ ግን አንድም አልጎደለም። ዱላውን አነሳችና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ፊደል በፊደል ተከተልኳት። ልክ ነበረች።

ጓድ ተካ ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን አየ። መታለሉን ጠርጥሯል፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም።

«በሪፖርቴ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ደራሲው ተሳስቶ በተማሪዋ ታረመ ብለው ይጻፉ።»

ግለ ሂስ ያለበት ሪፖርት ማንም አለቃ እንደሚወድ ያውቃል። ጻፈው። ቁልፉንም ገፋ አደረገላት።

ዓርብ

ጠዋት ጴጥሮስ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየ ነበር የሚናገረው።

«ማታ ዐረፍተ ነገሩን የጠየቅኩዎት ለዚህ ነበር» አለኝ። «በሀ የሚጀምር ካለበት ሌላ እንዲመርጡ ልለምንዎ።»

«ለምን በግልጽ አልነገርከኝም?»

«ለማን እንደሚነግሩብኝ በምን አውቃለሁ? እኔ እኮ አንድ ጊዜ ገብቼ የወጣሁ ሰው ነኝ።»

ጥቂት ሄደን አየለች ከአንድ የእንሰት አጥር ብቅ ብላ ጠራችን። አማቷ ሊያዩኝ ፈልገዋል። እሳቸው ማለት ስማቸው ሰሌዳው ላይ ያወዛገበን አቶ ሀንዲሶ ናቸው። ዓይናቸው አያይም፤ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሊቆጡኝ ነው የጠሩኝ ብዬ ፈራሁ፤ ሽማግሌው ግን እጄን ይዘው ሳቁ። ጴጥሮስ ተረጎመልኝ።

«ስለ እኔ ሲሉ ሕዝብ ፊት ‹ተሳሳትኩ› እንዳሉ ነገሩኝ። አልነበረብዎትም። እኔማ መጀመሪያ የወደቀች ጊዜ ነግሬያታለሁ፦ ልጄ፣ ለመንግሥት ሰው ስትይ ጥሪኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ መሄጃዬ ደርሷል። ወፍጮው ይበልጣል፣ አልኳት። እምቢ አለች።»

ወደ አየለች ዞርኩ። በሩ ላይ ቆማለች፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእሳቸው ፈቃድ ካገኘች፣ ልማዱን የምትፈራ ካልሆነ፣ ለምን ሁለት ጊዜ ወደቀች? ጠየቅኳት። ጴጥሮስ እስኪተረጉም አልጠበቀችም፤ በአማርኛ ራሷ መለሰችልኝ።

«ዝም ያልኩት ወድጄ ነው» አለች። «ስጠራውም ወድጄ ነው የምጠራው። ሰው ስላዘዘኝ አፌን አልለውጥም።»

ይህን ብላ ወደ ወፍጮ ቤቷ ሄደች፤ ሴቶች እየጠበቋት ነበር።

ላንድሮቨሩ እስኪመጣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ያስለወጠኝን ቃላት አንድ በአንድ ላስታውሳቸው ሞከርኩ። ብዙ ናቸው፤ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። አንዱም ሊመጣልኝ አልቻለም። የማስታውሰው በቦታቸው የገቡትን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያነበብኳቸው፣ ሰው ሲያመሰግነኝባቸውም ደስ ያለኝ፣ የራሴ ቃላት መስለውኝ ነበር። አፈርኩ።